ያልተከፈለ የአጨዳ ዋጋ፥ ሽምግልናና ይርጋ



በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፥ ከጎንደር ከተማ ወደ ሁመራ የሚወርደውን መንገድ ይዞ፥ በትክል ድንጋይ አልፎ ሳንጃ ገብቶ፥ ከሳንጃም ወደ ምዕራቡ ቆላ ዘልቆ በሰሊጥ አጨዳ እጁን አሻክሮ የሚመለሰው የደጋ ሰው፥ እንዲሁም ያንን ሰው ቀጥሮ የዓመት ተስፋውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለመሰብሰብ የሚጣደፈው ባለ እርሻ፥ ሁለቱ በደመወዝ በተጣሉ ጊዜ ሕጉ ምን እንደሚላቸው ነው። የታች አርማጭሆ ሕዝብ ይህን ጠብ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሳንጃ በመንገዱ ላይ ተቀምጣ በየዓመቱ አጫጆቹን ሲወርዱ በተስፋ፥ ሲመለሱም አንዳንዶቹን በደስታ አንዳንዶቹን በኀዘን የምታይ ከተማ ናትና።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሦ የሚጠብቅ እህል አይደለም። ፍሬውን የያዘው ቋት በደረሰ ጊዜ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በወቅቱ ታጭዶ፥ ታስሮ፥ በሂላ፥ ማለት በነዶ ክምር፥ ካልቆመ፥ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ የተደከመበት ሀብት በነፋስ ተበትኖ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከወገራና ከዳባት፥ ከደምቢያና ከበለሳ፥ ከጎጃምም ጭምር የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ በዚያ አጭር ወቅት ተፈላጊነቱ ከፍ ይላል፤ የአጨዳውም ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። አንዱ ባለ እርሻ ዋጋ ሲጨምር የሌላው አጫጅ ማጭዱን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል፤ ይህን የሚፈራው ባለ እርሻ ደግሞ ሠራተኛው እንዳይሄድበት ሲል የሠራበትን ዋጋ «ሁሉም ሲያልቅ በአንድነት እሰጥሃለሁ» እያለ ይዞ ያቆያል። በእኔ አስተያየት ከቆላው የደመወዝ ክርክር የሚበዛው ከዚህ ምንጭ የሚቀዳ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የሚፈሩት አላቸው፥ ሁለቱም በፍርሃታቸው ምክንያት ከሕጉ ይወጣሉ።

ስለ ሠራተኛ ዋጋ የሚናገር ሕግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፉ የድኻ ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ፥ እርሻ ላጨዱ ሰዎች ሳይከፈል የቀረ ደመወዝ ወደ ጸባኦት ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይመሰክራል፤ በእስልምናም የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው መታዘዙን አማኞቹ ሁሉ ያውቁታል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥትን ዘርግተው ይፈርዱ ነበር። በዘመናዊው አስተዳደርም ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ የዓለም የሥራ ድርጅትም አባል ሆናለች፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደነገገ፤ በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210፥ ከዚያም በየመንግሥቱ ሌሎች አዋጆች ተከተሉ። ዛሬ የምንመራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ቁጥሩን ደግሜ ልናገር፤ 1156/2011።

ይህ አዋጅ ለፋብሪካና ለከተማ ብቻ የተጻፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን እርሻም፥ ግንባታም፥ ንግድም በአዋጁ ውስጥ በስም ተጠርተዋል፤ ለወቅት ሥራ የተቀጠረ ሰውም ሠራተኛ ነው። በሳንጃ ሆቴልና ምግብ ቤት የምታስተናግደው እኅታችን፥ በመጋዘን ሰሊጥ የሚያበጥረው፥ ለባለሀብቱ ትራክተር የሚነዳው፥ በካምፕ ለአጫጆች እንጀራ የምትጋግረው ሁሉ በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው። በሰው መኖሪያ ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠሩ፥ የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች ግን በሌላ ሕግ የሚዳኙ ስለሆኑ የዛሬው ንግግራችን እነርሱን አይመለከትም።

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ገበያ መካከል ወይም መናኸሪያ አጠገብ፥ ብዙ ጊዜም በደላላ አፍ፥ «በዚህን ያህል ታጭዳለህ፥ ስንቅና ውኃ በእኔ» ተብሎ በቃል የተደረገው ስምምነት በሕግ ዓይን ውል ነው፤ የሥራ ውል የተለየ ቅርጽ እንዲኖረው አዋጁ አያስገድድም። ዳሩ ግን ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፥ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፥ ደመወዙንና የውሉን ዘመን ገልጦ፥ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አሠሪው ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ ወረቀት የለህም ተብሎ ከዓውደ ፍትሕ አይመለስም። ቢሆንም በቃል የተደረገውን በቃል የማስረዳት ሸክም ከባድ ነው፤ አብረው ያጨዱት ጓደኞቹ በየአገራቸው ከተበተኑ በኋላ ከበለሳ ምስክር ፈልጎ ሳንጃ ድረስ ማምጣት ለድኻ ሰው እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ለአጫጁ የምመክረው ይህን ነው፤ ከእርሻው ሳትወጣ በፊት አብረውህ የሠሩትን የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ሙሉ ስም፥ ቀበሌና ስልክ ጻፍ፤ መጻፍ ባትችል የሚችል ወንድምህን አጽፍ፤ ሥራ የጀመርክበትንና ያቆምክበትን ቀን አብረህ አጽፍ።

ደመወዝን በሚመለከት ሕጉ ግልጥ ነው። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8 ሰዓት፥ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በሳምንትም ሳይቋረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ከዚያ በላይ የተሠራው ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በአንድ ተኩል፥ ሌሊት ከሆነ በአንድ ከሦስት አራተኛ፥ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ከሆነ በሁለት፥ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል። የሥራ ውሉ ሲያበቃ ለሠራተኛው የሚገባው ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየው፥ ፍርድ ቤቱ ከዋናው ዕዳ በላይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ሊያስከፍለው ይችላል። «ሰሊጡ ሲሸጥ» የሚለው መልስ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የገበያው ዋጋ ወድቆም ይሁን ተነሥቶ፥ ትርፉና ኪሣራው የባለ እርሻው ነው፤ አጫጁ ግን ድካሙን የሸጠው በተስማማበት ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ ለባለ እርሻውም ፍትሕ መስጠት ይገባል። በአጨዳው መካከል ውሉን ጥሎ ሌላ እርሻ የሚገባ ሠራተኛ፥ ሰሊጡ ሲረግፍ ቆሞ የሚያየውን ሰው ይጎዳል፤ ሕጉም ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም። ሠራተኛው ሥራውን በራሱ ፈቃድ ሲተው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ከሕግ ውጭ ጥሎ ከሄደም ካሣ ይከፍላል፤ ካሣው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፥ የሚከፈለውም ከቀሪ ሒሳቡ ነው። አሠሪው ዳኛ ሆኖ በራሱ ጉዳይ ራሱ ፈርዶ የሰውዬውን ሙሉ ሒሳብ መውረስ አይችልም። በሌላም በኩል ባለ እርሻው ለተወሰነ ጊዜ የቀጠረውን ሰው ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢያባርር፥ ሠራተኛው እስከ ውሉ መጨረሻ ሊያገኘው የነበረውን ደመወዝ በካሣ መልክ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም ከአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ሊበልጥ አይችልም። ሠራተኛው አስቀድሞ የተበደረው ገንዘብ ካለ፥ በጽሑፍ ከተስማማበት ይቆረጣል፤ ቢሆንም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይለፍ።

አድማጮቼ፥ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሽማግሌ ነው። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ የአርማጭሆ ሽማግሌዎች ከደመወዝ የሚበልጥ ብዙ ደም አድርቀዋል፤ እኔም ማንም ሰው ሽምግልናን ትቶ በቀጥታ ወደ ክስ እንዲሮጥ አልመክርም። ነገር ግን ሕጉ የሚቆጥረው፥ ይርጋ የሚባል ጊዜ አለ፤ ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ለሚካኤል ይከፍልሃል፥ እሺ በል»፥ ከዚያም «ለጥምቀት»፥ ከዚያም «ለፋሲካ» እያሉ ቀን ሲቀጥሩ፥ ያ ጊዜ ሳይቆም ይሄዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ፥ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ሌላ ማናቸውም ሒሳብ መጠየቅ የሚቻለው ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ያለ አግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚከስስ ከሆነ ደግሞ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። በደንብ እንዲያዝ ደግሜ እናገራለሁ፤ ለገንዘብ ስድስት ወር፥ ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ወር።

ነገሩን በቀን እንቁጠረው። አንድ አጫጅ ሥራውን ጥቅምት 20 ቀን አበቃ እንበል፤ ሒሳቡን ሳይቀበል ወደ ደጋው ተመለሰ። ኅዳርን አዝመራውን ሲሰበስብ ዋለ፤ ታኅሣሥ ላይ ወርዶ ሽማግሌ አስቀመጠ፤ ባለ እርሻው ዕዳውን አልካደም፥ ጊዜ ለመነ፤ ሽማግሌዎቹም ሰጡት። የካቲት ላይ ሁለተኛ ቀጠሮ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ፥ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነገሩ አልሆን ሲል አጫጁ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ተከሳሹ ቀርቦ «የምከፍለው ዕዳ አለ ወይም የለም» ብሎ መከራከር እንኳ አያስፈልገውም፤ «ጊዜው አልፏል፥ በይርጋ ይታገድልኝ» ካለ ይበቃዋል። ያ ድኻ ሰው እውነትን ይዞ፥ ምስክር ይዞ፥ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሸመገሉትም ሰዎች ለበጎ አስበው ሳለ ለበደሉ መሣሪያ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ለእኔ ከደመወዙ መከልከል ይልቅ የሚያሳዝን ነው፤ ሰውዬው የተበደለው በትዕግሥቱ ነውና።

መድኃኒቱ ግን በእጃችን ነው፤ አዋጁ ይርጋ የሚቋረጥባቸውን መንገዶች ያስቀምጣል። አንደኛው ጉዳዩን የሥራ ክርክር ለሚወስነው ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። ሁለተኛው፥ አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት፥ ማለት ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል ለነበረው፥ ዛሬ በሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ስም ለሚሠራው ክፍል አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ መልሱ በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜው አይቆጠርም። ሦስተኛው ለሽማግሌዎቻችን የተመቸው ነው፤ ባለ ዕዳው «የእገሌ የአጨዳ ሒሳብ ይህን ያህል ብር አለብኝ» ብሎ በጽሑፍ አምኖ ከፈረመ፥ ይርጋው ተቋርጦ እንደ ገና ይጀምራል። በዚህ መንገድ የሚቋረጠው በጠቅላላው ከሦስት ጊዜ አይበልጥም፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ለእውነተኛ ዕርቅ ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ እናንተ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች ሆይ፥ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስትሰጡ በዚያው ቀን ባለ ዕዳውን አንዲት ቁራጭ ወረቀት አስፈርሙት፤ ቀኑን፥ የገንዘቡን መጠንና የምስክሮችን ስም አስጽፉበት። ባለ ዕዳው ሊከፍል ካሰበ መፈረም አይከብደውም፤ አልፈርምም ካለ ደግሞ ልቡን ገልጦላችኋልና፥ ከሳሹን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ፍርድ ቤት አሰናብቱት።

ስለ ሕመምና ስለ አደጋ ሳልናገር ባልፍ የቆላውን ነገር ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል። በሥራ ላይ ሳለ ማጭድ የቆረጠው፥ እባብ የነደፈው፥ አሠሪው ባቀረበው መኪና ወይም ተሳቢ ላይ ተጭኖ ወደ እርሻው ሲሄድ የተገለበጠበት ሰው፥ ጉዳቱ የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፥ በተገቢ መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ቦታ ማድረስ፥ ሞት ከደረሰም የቀብሩን ወጪ መሸፈን ግዴታው ነው። ብዙ ባለ እርሻዎች ይህን በደግነት ያደርጉታል፤ ግዴታቸውም ጭምር መሆኑን ይወቁት።

ወባና ካላዛር ግን በሕጉ ከዚህ ተለይተው ቆመዋል። ካላዛርን የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ በቆላው ዋልካ መሬትና በግራር ሥር ትራባለች፤ አጫጁም በአጨዳ ወቅት ሜዳ ላይ ስለሚያድር ከማንም በላይ ይጋለጣል፤ ጎንደር ሆስፒታል ከዚህ በሽታ ጋር ሲታገል የኖረውም ስለዚሁ ነው። አዋጁ ግን በአካባቢው የተለመደና የሚዛመት በሽታን፥ በሽታውን ለመከላከል ተቀጥረው ከሚሠሩት ሰዎች በቀር፥ በሥራ ምክንያት የመጣ ደዌ ብሎ አይቀበለውም። በዚህ አንቀጽ ላይ ልቤ አይረካም፤ የደጋው ሰው በአገሩ ቢሆን ያቺ ዝንብ አታገኘውም ነበርና፥ ወደ ዝንቧ ያወረደው ሥራው ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን እንዲያዩት በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ። እስከዚያው ድረስ ለታመመው ሰው አንድ በር ክፍት ነው፤ ሠራተኛው በሕመም ምክንያት ጊዜው ካለፈበት፥ ፍርድ ቤቱ ሕመሙን ከዐቅም በላይ እንደሆነ ምክንያት ቆጥሮ ክሱን ሊቀበለው ይችላል፤ ነገር ግን መሰናክሉ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ የሕክምና ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ አሥር ቀን ማለት ደግሞ አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ እንኳ የምታንስ ጊዜ መሆንዋን አትርሱ።

ልጆቻቸውን ወደ አጨዳ ለሚልኩ ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ በትርፍ ሰዓትም፥ በሌሊትም፥ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓልም እንዳይሠራ አዋጁ ይከለክላል።

ለአሠሪዎች፥ በከተማም በእርሻም ላላችሁ፥ የምለው አጭር ነው። መዝገብ ያዙ። ለማን፥ ለየትኛው ሥራ፥ ስንት እንደከፈላችሁ፥ ስንት እንደቆረጣችሁ ጽፋችሁ ሠራተኛውን አስፈርሙ፤ መጻፍ የማይችለውን በጣቱ አሻራ አስፈርሙ። ብዙ ጊዜ በእውነት የከፈለ አሠሪ መክፈሉን ማስረዳት አቅቶት ሁለተኛ እንዲከፍል ይፈረድበታል፤ ይህም በደል ነው፥ በደሉን ግን ያመጣው የገዛ ቸልተኝነቱ ነው። ሠራተኛ ጥፋት ሲሠራ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጡ፤ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት ቀን የቀረ ወይም ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት የሚችለው በጽሑፍ እየተነገረው ከሆነ ነው። ጥፋቱን ካወቃችሁ በኋላም የማሰናበት መብታችሁ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ያበቃል፤ እናንተንም ይርጋ ይይዛችኋል። ስታሰናብቱም ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡ፤ የአገልግሎቱንም ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ስጡት። ስለ ተከሰሳችሁ ወይም አቤት ስለ ተባለባችሁ ብቻ ሰውን ማባረር ግን ፈጽሞ ሕገ ወጥ ነው።

አሁን ክስ የሚቀርብበትን ቦታ ልንገራችሁ። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዝዛል። በውሳኔው ያልረካ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። በጋራ የሚነሡ ክርክሮች፥ እንደ ኅብረት ስምምነት ያሉ፥ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳሉ። ክሱን ራሱ ማጻፍ ለሚያቅተው፥ በአገራችን የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለድኾች ነፃ የሕግ ምክር የመስጠት ልማድ አላቸውና፥ ጎንደር የሚያልፍ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ይህን የምትሰሙ ያልተከፈለ ሒሳብ ያላችሁ ሁሉ፥ ሥራችሁ ያበቃበትን ቀን ዛሬ ማታ ቁጠሩ። ስድስት ወር ካልሞላው ነገ ጧት ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ወይም ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ለሥራ ክርክር ክስ ሠራተኛም ሆነ አሠሪ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።